ድግሱን ትተን ቦርሳ አነገትን



ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ለዚህ ቀን ብዬ ዕቁብ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ድንኳኑ፣ በጉ፣ ጠጁ፣ ኬኩ፣ ፎቶ አንሺው፣ ሁሉም በሐሳቤ ተሰናድቶ አልቋል። የሚጠሩትን ሰዎች ስም መጻፍ ስጀምር ልጄ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና፣ «ማሚ፣ ድግሱ ቢቀርስ? በዚሁ ገንዘብ ሁለታችን አንድ አገር አይተን እንምጣ» አለችኝ። «ዱባይ?» አልኳት። «ኬንያ» አለች። «በጀርባ ቦርሳ።»

እውነቱን ልንገርዎና ደስ አላለኝም። ቦርሳ አንግቶ አገር ማየት ለእኔ ቁምጣ ለብሰው ላሊበላ ላይ የማያቸው ፈረንጆች ሥራ ነበር። እናቴማ ጭራሽ አኮረፈች። «የሰው ልጅ ድግስ ስንበላ ኖረን፣ የእኛ ተራ ሲደርስ አገር ጥለን ልንጠፋ ነው? ሰው ምን ይላል?» ባለቤቴ ግን በአጭሩ ቋጨው፤ «ምርቃቱ የእሷ ነው፤ እሷው ትምረጥ።»

መስከረም መጨረሻ ላይ ሄድን። ናይሮቢና ሞምባሳ 12 ቀን ቆየን። ከድግሱ ገንዘብም ሲሶው ተርፎን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጆች «እንዴት አደረጋችሁት?» እያሉ ስለጠየቁኝ፣ አንዳንዱን በብልሃት፣ አንዳንዱን ደግሞ ከስረን የተማርነውን ዛሬ ላካፍልዎ። ከሁሉም አስቀድሜ የምነግርዎ ግን አንድ ነገር ነው። በጉዞው ላይ ገንዘባችንን የበላው ሆቴልም ምግብም አልነበረም። ይሉኝታና ችኮላ ናቸው።

ለምን ኬንያ?

ለመጀመሪያ ጊዜ በትንሽ ገንዘብ ከአገር ለሚወጣ ሰው ኬንያ ጥሩ መለማመጃ ናት። ለእኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፤ ይህ ብቻውን ለሌላ አገር የሚከፈለውን የቪዛ ገንዘብና የወራት ደጅ ጥናት ያስቀራል። በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የሰዓት ልዩነት የለም። እንግሊዝኛ በየቦታው ይሠራል። ያም ሆኖ የመግቢያ ደንብ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ኤምባሲውን ይጠይቁ፤ ፓስፖርትዎም ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን።

ትኬት ላይ ልጄ ያገኘችው ብልሃት ይህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ናይሮቢም ወደ ሞምባሳም ይበራል። ስለዚህ በናይሮቢ ገብተን በሞምባሳ እንድንወጣ አድርጋ ቆረጠችው። ደርሶ መልሱን ከናይሮቢ ብናደርገው ኖሮ ለአውሮፕላኑ ብለን ብቻ ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ ሌላ ትኬት፣ ሌላ አዳር፣ ሌላ አንድ ቀን እንከፍል ነበር። የትም ቢሄዱ፣ ከገቡበት ከተማ መውጣት ግዴታ እንዳልሆነ ያስታውሱ።

ላሙንም ማሳይ ማራንም ለማየት ፈልገን ነበር። ሁለቱንም ሰረዝናቸው። ከቦታ ቦታ በተዘዋወሩ ቁጥር መጓጓዣ፣ ታክሲና የመንገድ ምግብ ይከፍላሉ። ሁለት ከተማ ውስጥ ስድስት ስድስት ቀን መቀመጥ አምስት ከተማ ከመሮጥ እጅግ ይረክሳል፤ ደግሞም ያዩት ነገር ልብ ውስጥ ይቀራል።

«ትንሽ ነገር ናት፣ አድርሺልኝ»

የጀርባ ቦርሳ ጥቅሙ ማማሩ አይደለም። ጓዝዎን ራስዎ ተሸክመው ሃያ ደቂቃ መራመድ ከቻሉ በአውቶቡስና በባቡር ይሄዳሉ፤ ካልቻሉ በየማዕዘኑ ታክሲ ይጠራሉ። የእኛ ሕግ ለአንድ ሰው አንድ ቦርሳ ነበር። ሦስት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣ የግል ቁልፍና አንድ ነጠላ። ነጠላዋ ፎጣም፣ አንሶላም፣ ትራስም፣ ባቡር ውስጥ የቅዝቃዜ መከላከያም ሆናለች። የሞምባሳ አሮጌው ከተማ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ትከሻ ሸፈን አድርጎ ለመግባትም ጠቅማናለች።

ታዲያ ወሬው ተሰማ። «ናይሮቢ ልትሄዱ ነው አሉ፤ ትንሽ በርበሬ ለእህቴ።» «ትንሽ ሽሮ።» «ለልጇ አንዲት ቀሚስ።» እኔም እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ከመሄዳችን በፊት ባለው ማታ የሰው ዕቃ ብቻ አንድ ትልቅ ሻንጣ ሞላ። ናይሮቢ ስንደርስ ያ ሻንጣ አውቶቡስ ከለከለን፤ ከዚያም ዕቃውን ለየባለቤቱ ለማድረስ አንድ ሙሉ ቀንና የሦስት ታክሲ ሂሳብ ወሰደብን። ትንሽ ያልናት ነገር ያስወጣችን ገንዘብ በርበሬውን ናይሮቢ ገዝቶ ለመስጠት ይበቃ ነበር። እርስዎ ከወዲሁ፣ «የምንይዘው አንድ ቦርሳ ብቻ ነው» ብለው ያስታውቁ። አይቀየሙዎትም፤ ቢቀየሙም ያልፋል።

ዕቃ ሲያሽጉ ፌስታል አይጠቀሙ። ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢትን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ አግዳለች፤ ቅጣቱ ከባድ ገንዘብ፣ እስከ እስርም የሚደርስ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ጫማውንም ቆሎውንም በፌስታል መጠቅለል ይወዳል። የጨርቅ ከረጢት ይስፉ ወይም ይግዙ።

አሥራ ሁለት ፖስታ

የጉዞውን ገንዘብ ያዥ ልጄን አደረግኋት። መጀመሪያ ላይ ለጨዋታ ነበር፤ በኋላ ግን የጉዞው ዋና ነገር ሆነ። ለበረራና ለማደሪያ የሚሆነውን ከለየች በኋላ የቀረውን በ12 ወረቀት ፖስታ እኩል አካፈለችው። በየቀኑ አንድ ፖስታ ይከፈታል። የተረፈ ወደ ነገው ይገባል፤ የጎደለ ከነገው ይበደራል። ነገሩ ከዕቁብ ብዙም አይለይም፤ ገንዘቡ ዓይን ለዓይን ሲታይ እጅ ይይዛል።

ዶላሩን ከባንክ ገዝተን ደረሰኙን ይዘናል። ሲገዙ አዲስ፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ኖት ይጠይቁ። በምሥራቅ አፍሪካ አሮጌ ዶላር አንዳንዱ ቤት አይቀበልም፤ ትንንሽ ኖቶችንም በዝቅተኛ ዋጋ ይመነዝራሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃውን ያህል ብቻ መንዝረን ሌላውን ከተማ ውስጥ ዋጋ አወዳድረን መነዘርን።

ከዚያ በፓስፖርታችን የኬንያ ሲም ካርድ አውጥተን ኤም-ፔሳ ከፈትን። እኛ አገር ኤም-ፔሳ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ኬንያውያን ግን ከ2007 ጀምሮ ስለኖሩበት ማንዳዚ የምትጠብስ ሴት እንኳ ቁጥሯን ለጥፋ ትጠብቅዎታለች። በነጋዴው ቁጥር ሲከፍሉ ከእርስዎ የአገልግሎት ክፍያ አይቆረጥም፤ የሚቆረጠው ጥሬ ገንዘብ ሲያወጡ ነው። ስለዚህ በስልክ መክፈል የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ላይ በስልክ ይክፈሉ። ለዕለቱ ሂሳብ መያዣም ይመቻል፤ የከፈሉት ሁሉ በመልእክት ይቀመጥልዎታል።

እናቴ በስልክ፣ «ባቡሩ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። «1,500 ሽልንግ» አልኳት። «ታዲያ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር አትይኝም?» አለች። ለእሷ ሽልንግ አሁንም ሃምሳ ሳንቲም ነው። ልጄ ስልኩን ይዛ ሳቋ አላቆም አላት። ከኩርፊያው በኋላ እናቴ ስለ ጉዞው የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነበር።

ነፃ ማረፊያ ስንት ያወጣል?

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያረፍነው ናይሮቢ በሚኖሩ የባለቤቴ ዘመዶች ቤት ነው። ሆቴል አንከፍልም ብዬ ተደስቼ ነበር። እነሱ ደግሞ ያላቸውን ሁሉ አቀረቡልን፤ አልጋቸውን ለቀው ፍራሽ ላይ ተኙ፤ ሥራቸውን ጥለው አብረውን ዋሉ። ባዶ እጄን አልገባም ብዬ ስጦታ ገዝቻለሁ። ለልጆቹ በየቀኑ አንድ ነገር ይዤ እገባለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ «ዛሬ እኛ እንጋብዛችሁ» አልኩና ሰባት ሆነን ጥሩ ምግብ ቤት ሄድን። ሂሳቡ ሲመጣ ልጄ በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዝ አደረገችኝ። እኔ ግን ፈገግ ብዬ ከፈልኩ።

ማታ ፖስታዎቹን አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው። አራቱ ባዶ ሆነዋል። ቁጣ ጠብቄ ነበር። «ደስ ብሏቸው ነበር አይደል?» አለችና የቀሩትን እንደገና ማካፈል ጀመረች። ለሚቀጥሉት ቀናት ምን እንደምንበላ፣ የት በእግራችን እንደምንሄድ ጻፈች። አጠገቧ ተቀምጬ ሳያት፣ ይህቺን ልጅ መቼ እንዳደገች ያላየኋት ያህል ተሰማኝ። የድግሱን ወጪ የጻፍኩትም በዚያው ፈገግታዬ እንደነበር ያን ማታ ገባኝ።

በማግስቱ አመስግነን ወደ ሆስቴል ተዛወርን። ዘመዶቻችንን ለእሑድ ምሳና ለቡና ተመልሰን ጠየቅናቸው፤ ያ ቀን ከሁሉም የሚያምረው ሆነ። ምክሬ ይህ ነው፦ ዘመድን ይጠይቁ፣ አብረው ይብሉ፤ ማደሪያዎን ግን ይቻሉ። የእነሱም ኪስ ይተነፍሳል፤ የእርስዎም።

ሆስቴል ውስጥ ከልጅዎ ጋር

ሆስቴል ማለት በክፍል ሳይሆን በአልጋ የሚከፈልበት ማደሪያ ነው። እኛ አራት አልጋ ያለው የሴቶች ክፍል ያዝን። ሁሉም የሚቆለፍ ሣጥን አለው፤ ቁልፉን ግን ይዞ መምጣት የእንግዳው ድርሻ ነው። ከማስያዝዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ወጥ ቤት አለው? ቁርስ በዋጋው ውስጥ ነው? ከአውቶቡስ መንገድ ምን ያህል ይርቃል? ከከተማ ራቅ ያለ ርካሽ ክፍል በታክሲ ሂሳብ ውድ ይሆናል። በብዙ የአፍሪካ ከተሞች፣ ናይሮቢንም ጨምሮ፣ አብያተ ክርስቲያናት የሚያስተዳድሯቸው ጸጥ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፤ ለቤተሰብ ይስማማሉ።

እኔ በ48 ዓመቴ በላይኛው አልጋ ላይ መተኛት ያሳፍረኝ ነበር። የመጀመሪያው ማታ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። በሁለተኛው ቀን ከታንዛኒያ የመጣች ጡረተኛ መምህርት ከእኔ ሥር ያለውን አልጋ ያዘች። ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሽሮ ሠርቼ አበላኋት፤ እሷም በስዋሂሊ ዋጋ መጠየቅና መቀነስ አስተማረችን። «ቤይ ጋኒ?» ዋጋው ስንት ነው? «ፑንጉዛ ኪዶጎ» ትንሽ ቀንስ። እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ገበያ ውስጥ የከፈሉልን ብዙ ነው።

ስንቅና ኪባንዳ

ቁርሳችን በሶና ቆሎ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ይዘን ሄድን። አባቶቻችን አገር ያቋረጡበት ስንቅ ቦርሳ ውስጥ አይከብድም፣ አይበላሽም፣ ምድጃ አይፈልግም። ለምሳ ደግሞ ሠራተኛው ከሚበላበት ከኪባንዳ እንበላለን። ኪባንዳ እንደ እኛ አገር የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ያለ ትንሽ ዳስ ነው። ኡጋሊ በሱኩማ፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎ በጎመን፤ ቻፓቲ በባቄላ መሰል ቦሎቄ፤ በቆሎና ቦሎቄ የተቀቀለበት ጊቴሪ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው እንደውም ከሆቴል ይልቅ እዚህ ይቀናዋል፤ ዘይቱንና ወተቱን መጠየቅ ብቻ ነው። ሰው የተሰለፈበትን፣ ምግቡ ከእሳት የሚወርድበትን ይምረጡ። የቧንቧ ውኃ ግን አይጠጡ፤ ትልቅ የታሸገ ውኃ ገዝቶ ትንሿን ኮዳ መሙላት ይረክሳል።

ለመጓጓዣ ማታቱ አለ፤ የእኛ ሚኒባስ ታክሲ ወንድም ነው፣ ሙዚቃው ብቻ ይበልጣል። ዋጋው እንደ ሰዓቱ ይለያያል፤ ጠዋትና ማታ፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል፣ ይጨምራል። እኛ ከቤት የምንወጣው ሠራተኛው ሥራ ከገባ በኋላ ነበር። ዋጋውን ከረዳቱ ሳይሆን አጠገብዎ ከተቀመጠው ተሳፋሪ ይጠይቁ። ከጨለመ በኋላ ግን በእግርም በማታቱም አይሂዱ፤ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይያዙ።

በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ የሚታይ ነገር ናይሮቢ ውስጥ ሞልቷል። እኛ ግማሽ ቀን ካሩራ ደን ውስጥ በእግር ዞርን። ይህ ደን በ1990ዎቹ መጨረሻ ለግንባታ ሊሸነሸን ሲል ዋንጋሪ ማታይና ባልደረቦቿ ተደብድበውበት ያስጣሉት ነው፤ እሷም በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የወሰደች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ልጄ ዛፎቹ ሥር ቆማ ይህን ስታነብልኝ ለመግቢያ የከፈልነው ከሁሉ የረከሰ ትምህርት ቤት ክፍያ መሰለኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ይህ የችኮላው ታሪክ ነው። ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚሄደው አዲሱ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ጀምሯል። የኢኮኖሚ መቀመጫ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ 1,500 ሽልንግ ሆኗል፤ አንደኛ ማዕረግ የዚያ ሦስት እጥፍ ነው። የሁለቱም ማዕረግ መንገደኛ እኩል ይደርሳል፤ ስለዚህ ኢኮኖሚውን ይያዙ። ትኬቱ በስልክ ይቆረጣል፣ በኤም-ፔሳ ይከፈላል፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀናት ቀደም ብለው ይያዙት። ጣቢያው ሲዮኪማው ከከተማው ውጭ ነው፤ ከመሐል ከተማ ግን በጥቂት ሽልንግ የሚያደርስ የከተማ ባቡር አለ። ሻንጣ በውሻ ስለሚፈተሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል።

ባቡራችን ጠዋት 2 ሰዓት ይነሳል፤ 11 ሰዓት ላይ ተነስተን 12 ሰዓት ከበር መውጣት ነበረብን። ማታ ለሆስቴሉ ዘበኛ፣ «ነገ የምንወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ቀስቅሰን» አልኩት፤ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ፣ አቆጣጠሩን በእኛ። እሱም እኩለ ቀን መስሎት በሰላም ተኛ። ልጄ ደንግጣ የነቃችው 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የከተማውን ባቡር ትተን ታክሲ ጠራን። አሽከርካሪው፣ «በፈጣኑ መንገድ ልሂድ?» ሲል አዎ አልን። ያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተ የክፍያ መንገድ ነው፤ ክፍያው በተሳፋሪው ሂሳብ ላይ ይደመራል። ደረስን፤ ግን አንድ ሙሉ ፖስታ እዚያ መንገድ ላይ ቀረ።

ባቡር ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ታሪኩን ሰምተው በጣም ሳቁ። ስዋሂሊ ተናጋሪም ቀኑን የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። በስዋሂሊ «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» ብል ኖሮ ዘበኛው ያለ ጥርጥር ንጋት 12 ሰዓት ብሎ ይረዳኝ ነበር! ከዚያ እሳቸው «ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» አሉን፤ ችኮላ በረከት የለውም ማለት ነው። እኔም፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አልኳቸው። ትኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት ግን ሁልጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ይጠንቀቁ፤ ስልክዎንም መቀስቀሻ ሞልተው ይተኙ።

ቀን ቀን መጓዛችን በጀን። ባቡሩ የጻቮን ፓርክ ያቋርጣል፤ አፈሩ ቀይ ስለሆነ በዚያ የሚንከባለሉት ዝሆኖችም ቀይ ናቸው። በመስኮት በኩል አራት አየን። ለሳፋሪ የከፈልነው 1,500 ሽልንግ ነበር ማለት ይቻላል።

ባሕሩ የሁሉም ነው

ሞምባሳ ላይ ማራገቢያ ያለው ክፍል ያዝን፤ ኤር ኮንዲሽነር ያለው ዋጋው ብዙ ይበልጣል። ጠዋት በኮኮናት ወተት የተሠራ ምባዚ፣ ማለትም የእርግብ አተር፣ በማሃምሪ እንበላለን። ማሃምሪ የእኛ ቦምቦሊኖ ሄል ተጨምሮበት ማለት ነው። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 የሠሩትን ፎርት ጂሰስን ከፍለን ገባን፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዙሪያው ያለውን የአሮጌውን ከተማ ጠባብ መንገድና የተጠረቡ በሮች ማየት ግን በነፃ ነው።

ወደ ዲያኒ የባሕር ዳርቻ ለመሄድ አስጎብኚ የጠየቀንን ዋጋ ሰምተን ተመለስን። በእግር ወደ ሊኮኒ ጀልባ ሄድን፤ ለእግረኛ በነፃ ያሻግራል። ከማዶ ወደ ኡኩንዳ ማታቱ፣ ከዚያ ሌላ አጭር ጉዞ፣ ከዚያ ነጩ አሸዋ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ዳርቻው ላይ ተደርድረዋል፤ ባሕሩና አሸዋው ግን የሕዝብ ነው፣ መተላለፊያ መንገዶችም አሉት። የእኛ ምሳ ቆሎና ማዳፉ የሚሉት የለጋ ኮኮናት ውኃ ነበር። እኔ ባሕር ውስጥ እግሬን የነከርኩት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ልጄ ፎቶ ልታነሳኝ ስትል አለቀስኩ፤ ፎቶው አሁን ሳሎን ተሰቅሏል።

የማይቆጠብባቸው ነገሮች

ቁጠባ ማለት ሁሉን መከልከል አይደለም። እኛ ሳንሳሳ የከፈልንባቸው እነዚህ ናቸው።

የቢጫ ወባ ክትባት። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ ካርዱ ይጠየቃል፤ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መከተብ ያስፈልጋል። አንዴ ከተከተቡ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የወባ መከላከያ። ናይሮቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ሞምባሳ ግን የወባ አገር ነው። ሐኪም ያማክሩ፤ አጎበር ያለውን ክፍል ይምረጡ።

የጉዞ ኢንሹራንስ። በሰው አገር የአንድ ቀን ሆስፒታል የ12 ቀን ፖስታ ይጨርሳል።

የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ። ከመነሳትዎ በፊት የተያዘና ቀን የሚደርሱበት ይሁን። በጨለማ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው የተባለውን ሁሉ ይከፍላል።

አንድ የልብ ነገር። ልጄ የመረጠችው ናይሮቢ የሚገኘውን የሼልድሪክ የዝሆን ግልገሎች ማሳደጊያ ነበር። እናቶቻቸው የሞቱባቸው ግልገሎች በጠርሙስ ወተት ሲጠጡ ጠዋት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይታያሉ፤ ቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነው። ለእኛ ውድ ነበር። ግን ከመነሳታችን በፊት ወስነን ለብቻ ፖስታ አስቀምጠንለት ስለነበር ስንከፍል አላሳከከንም። እርስዎም ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው ያን አንድ ነገር ይምረጡ፤ የቀረውን መቀነስ ያኔ አይከብድም።

የመጨረሻው ፖስታ

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ከዕለት ዕለት ወጪው ውስጥ ግማሽ ፖስታ ተርፎ ተገኘ። «ምን እናድርግበት?» አለችኝ ገንዘብ ያዧ። ገበያ ገብተን ለእናቴ ካንጋ ገዛንላት። ካንጋ የባሕር ዳርቻው ሴቶች የሚያገለድሙት ባለ ቀለም ጨርቅ ነው፤ ከታች ሁልጊዜ አንድ አባባል ይጻፍበታል። ሻጯ የእኛኛውን ተረጎመችልን፤ ለእናት ምስጋና ነው። ልጄ «ፑንጉዛ ኪዶጎ» አለቻት፤ ቀነሰችልን።

እናቴ ስጦታውን ተቀብላ ምንም ሳትል አጣጠፈችው። እኔም ኩርፊያው አላለቀም ብዬ ዝም አልኩ። በሳምንቱ እሑድ ግን፣ «ቡና ላፈላ ነው፤ ጎረቤቱን ጥሩልኝ» አለች። ስንደርስ ካንጋውን ከነጠላዋ ላይ አጣፍታ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣለች። ፈንዲሻ ተበተነ፣ ዳቦ ተቆረሰ። «ይሄን የገዛችልኝ የልጅ ልጄ ናት» ትላለች ለገባው ሁሉ፤ «ኬንያ ወስዳ እናቷን ባሕር አሳይታ መጣች።» ልጄ ስለ ቀይ ዝሆኖቹ ስታወራ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ድንኳን አልነበረም፤ ስለ ድንኳኑም የጠየቀ አልነበረም።

እርስዎም የሚመረቅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚጨርስ፣ ወይም ዝም ብሎ ዓለምን ማየት የሚጓጓ ልጅ ካለዎት፣ በዚህ ወር አንድ ማታ ካርታ ዘርግተው አብረው ይቀመጡ። ገንዘቡንም ልጅዎ ይያዝ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።